ጃንጥላው

የአባዬን የአርባ ቀን ተዝካር ትናንት አወጣን። ለቅሶው ላይ ስለ ውትድርናውም ስለ ፋብሪካውም ብዙ ተወራ። ስለ እንቅልፉ ግን ማንም አላነሳም። እኔ ልመሰክር የመጣሁት ስለ እሱ ነው።

ግንቦት 1983 አስመራ ስትያዝ አባዬ ከረን ነበር፤ አስር አለቃ። እኔ ኮምቦልቻ፣ የአራት ዓመት ልጅ። ጦሩ ተበተነ ሲባል እማዬ ወደ ግሸን ዞራ ተሳለች። «ማርያም፣ በሕይወት ብቻ መልሺልኝ፤ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» አለች። ጎረቤታችን እማማም ጀበናዋን ጥዳ ዱዓ አደረገችለት። ወሎ ነው፤ ይሄ ብርቅ አይደለም።

ነሐሴ ላይ መጣ። በእግሩ ሱዳን፣ ከሰላ ገብቶ ነው የተረፈው። ጓደኞቹን ውሃ ጥም መንገድ ላይ አስቀርቷቸዋል። እማማ እስከ ዛሬ «የኔ ዱዓ ነው የቀደመው» ትላለች። እማዬም አትከራከራትም።

መጣ እንጂ አልተኛም። ሸለብ ሲያደርገው ይጮሃል፣ የሰው ስም ይጠራል። ጠበልም ተሞከረ።

ጨርቃ ጨርቅ ሲቀጠር መጀመሪያ ጥጥ ተሸካሚ ነበር፤ ኋላ ሽመና ክፍል ገባ። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን የሌሊት ፈረቃ እየለመነ ይወስዳል። ባልደረቦቹ ደግነት መስሏቸው ይመርቁታል። ደግስ ደግ ነበር። ግን እውነቱን ለእማዬ ነግሯታል፦ «ማሽኑ ሲንኳኳ ይሻለኛል፤ ጸጥታው ነው የሚያስፈራኝ።» ጠዋት ቅንድቡ ጥጥ ለብሶ ይመጣል። ማሽን አጠገብ ጮኾ ማውራት ስለለመደ ቤትም አይቀንስም። ወጥ ጨምሪልኝ ሲል ሰፈሩ ይሰማል።

እማዬ ጥፋቱን ከራሷ አደረገችው። ጃንጥላውን አላስገባችማ! በየዓመቱ ለመስከረም 21 ታስባለች፤ በየዓመቱ ወይ የቤት ኪራይ ወይ የኔ ደብተር ይበላዋል። መስከረም ለድሃ ክፉ ወር ነው።

በ1989 ሦስታችንም ሄድን። ሐረጎን ወጥተን ደሴ፣ ከደሴ መኪና እስከሚያደርሰን፣ የቀረውን በእግር። አቀበቱ ላይ አባዬ አዘለኝ። «ትልቅ ልጅ ነኝ እኮ» ብለው «ከጥጥ ትቀላለህ» አለኝ።

አምባው በሰው ተሞልቷል። ሌሊቱን ማኅሌት፣ ከበሮ፣ እልልታ። አባዬ እንደ ልማዱ ግንብ ተደግፎ ቁጭ አለ። እኔ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነቃ ጋቢው ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ጩኸት የለም፤ የሚጠራው ስም የለም። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየዋለች።

ፀሐይዋ ወጥታ ፊቱን መታችው። እማዬ ግራ ቀኝ አየችና የስለቱን ጃንጥላ ከላስቲኩ አወጣች፤ ዘርፋሙን ቀይ ጃንጥላ። ዘርግታ ያዘችለት። አንድ ቄስ ሲያልፉ አዩን። ደንግጣ ልታጥፈው ስትል «ተይው ልጄ፤ ሲነሳ ታስገቢዋለሽ» አሏት።

እስከ ስድስት ሰዓት ተኛ። እጇ ሲዝል ተቀበልኳት።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ አልቃዠም ብል ውሸት ነው። ክረምት ላይ አልፎ አልፎ ይመጣበት ነበር። ግን ይተኛ ነበር፤ እመቤቴ ትመስገን። ጥቅምት ላይ ወደ ቀን ፈረቃ ቀይሩኝ አለ። ባልደረቦቹ ተቀየሙት።