ግሮሰሪ ፍሪጅ ውስጥ የከረመው ቁጥቋጦ

ግቢያችን አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አንድ የብረት በር፣ አንድ ቧንቧና ብዙ አስተያየት አለን። በሩ አጠገብ አልጋ የምታዘረጋ ባዶ መሬት አለች። ዓመቱን ሙሉ አሮጌ ጎማ ተከምሮባት ነበር። ጎማው ሲነሳ ግቢው በሙሉ ባንድ ቀን አትክልተኛ ሆነ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቀድሞ የሚያብብ ቁጥቋጦ ይተከል። ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ጎረቤት ገና ጭቃውን ሳይጠርግ፣ የእኛ በር በአበባ ይድመቅ። እስከዚህ ተስማማን። ጠቡ የተነሳው «ምን ይተከል?» ሲባል ነው።

ጋሼ ጽጌረዳ አሉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሲናገሩ እጃቸው ዛሬም ግድግዳ ላይ ካርታ ይፈልጋል። «ጽጌረዳውን ማን ይገርዘዋል?» ተብሎ ተጠየቀ። ሁሉም ጫማውን አየ። ጽጌረዳ ወደቀ።

ወጣቶቹ ቡጋንቪላ አሉ። ለፎቶ ያምራል። ማማሩንስ ያምራል፤ ግን ጸባዩ ሌላ ነው። ውሃ ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚደምቀው። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ ለመስከረም 1 ድመቅ ቢሉት አይሰማም። ደግሞ ያ ሮዝና ወይን ጠጅ ብለን የምናደንቀው አበባው አይደለም። አበባውን የከበበ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሽዬ ነጭ ነገር ናት። ይሄን ስናገር አንዷ «እና እስከዛሬ ከቅጠል ጋር ነው ፎቶ የተነሳሁት?» ብላ ተቀየመችኝ።

እኔ ድግጣ አልኩ። የአገር ቁጥቋጦ ነው፣ ቢጫ አበባው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል። «ድግጣ? የከብት ቅማል የሚፈጁበት?» አሉ ጋሼ። ሳቁብኝ። ቀጋ ስልም «እሾሁ ለልጆቹ» ተባለ።

በመጨረሻ እማማ ተናገሩ። እማማ የግቢው አንጋፋ ናቸው። ጠላቸው እስከ ቀበና ይታወቃል።

«ጌሾ ትከሉ» አሉ።

«እማማ፣ ጌሾ እኮ አበባ የለውም።»

«አለው። እናንተ ስለማታዩት ነው።»

እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ጌሾም ወደቀ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ።

የአክስቴ ልጅ ጣልቃ የገባችው ይሄኔ ነው። ሐምቡርግ ነው የምትኖረው። ለእንቁጣጣሽ እንደምትመጣ ነግራናለች፤ የግቢውን በር የምታስቀባውም እሷ ናት። አንድ ፎቶ ላከች። ፎቶው ላይ ቅጠል የሚባል ነገር የሌለው ቁጥቋጦ ከሥር እስከ ጫፉ ቢጫ አበባ ለብሷል። ፎርሲቲያ ይባላል። ከምሥራቅ እስያ የሄደ ነው፤ እዚያ ግን እንደ አገሩ ሆኗል። ጀርመኖች የጸደይን መግባት የሚያውቁት በእሱ ነው። ፎርሲቲያ ሲያብብ ጽጌረዳ ይገረዛል ይላሉ። እሷ ከተማ፣ ሎምባርድ ድልድይ አጠገብ ያለው ፎርሲቲያ የሚያብብበት ቀን እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በየዓመቱ ይመዘገባል።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ተነስተው ሄደው አዲስ ደብተር ገዙ። ብር የያዘ ሐሳብ መቼም ድምፅ አይሰጥበትም። ፎርሲቲያ አሸነፈ፤ ፈልጎ የማምጣቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ምክንያቱ? ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ስለምውል።

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ። ፎቶውን አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎ በጣቱ አስፍቶ አየው።

«ቅጠል የለውም አይደል?»

«የለውም። ቅጠል ሳያወጣ ነው የሚያብበው።»

«አለኝ! አንዴ ጠብቀኝ ወንድሜ» ብሎ ከላስቲኩ ቤት ጀርባ ጠፋ። ቆየ። ሲመለስ በትልቅ ፕላስቲክ የተተከለ፣ ወገቤ የሚደርስ፣ ራቁቱን የቆመ እንጨት ይዟል።

«ይኸው። ቅጠል የለውም።»

በእርግጥም የለውም። የልጁ ጣቶች አረንጓዴ ናቸው። ጫማው ላይ ሁለት ሦስት ትኩስ ቅጠል ተለጥፏል። «ይሄ የሌላ ተክል ነው» አለኝ፤ እኔ ግን ምንም አልጠየቅሁትም። 800 ብር። የውጭ ዝርያ ስለሆነ ነው አለ።

ቀኑ ሚያዝያ 27 ነበር። የድል በዓል ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል። ታክሲው ስድስት ኪሎ ላይ አወረደኝ። እንጨቴን ታቅፌ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ በእግሬ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ስለሆነ፣ ሐውልቱ አካባቢ ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ ያነገበ፣ ሜዳሊያ የደረደረ ሰው ሞልቷል። አንድ አባት አስቆሙኝ። ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ከዚያ እንጨቱን አዩት።

«ጦሩ የታለ ልጄ? ሶማያውን ብቻ ነው እንዴ የያዝከው?»

አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ፎከረልኝ። ፉከራው እስከ ግቢያችን መታጠፊያ ተከተለኝ።

ግቢው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እማማም ወጡ። ዙሪያውን አንዴ ዞሩት። በጥፍራቸው ልጣጩን ትንሽ ፋቅ አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ፈገግ አሉ።

«ጥሩ ነው። ይተከል» አሉ። እንዲህ በቀላሉ መስማማታቸው ሁላችንንም አስደሰተን።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልንላት። «ብርድ ካልመታው እኮ አያብብም!» አለች። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው። ጋሼ ወዲያው ተነስተው ቆሙ።

የጋሼ ነገር ሲረዝም ይረዝማል እንጂ እውነት አለው። የዚያ አገር ቁጥቋጦ እምቡጡን ቀድሞ፣ ሙቀት ሳለ ሠርቶ ይተኛል። ሲተኛ ግን ብርዱን ይቆጥራል። በቂ የብርድ ሳምንታት ካላለፉ ፀሐይ ብትወጣም አይነሳም። ባይቆጥር ኖሮ ክረምቱ መሃል ላይ በመጣች አንዲት ሞቃት ቀን ተሸውዶ ያብብና በማግስቱ ውርጭ ይጨርሰዋል። ሐምቡርግ በሰኔ ቀኑ 17 ሰዓት ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 7 ሰዓት ተኩል ያጥራል። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። ረጅሙና አጭሩ ቀናችን ቢለያይ በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛ ዕፅዋት የሚቆጥሩት ዝናብ ነው። አደይ አበባን ማን ቀሰቀሳት? ክረምቱ። እዚህ ጋ ጋሼ እጃቸውን ወደ ካርታው ዘረጉ፤ የነኩት የተሰጣ ልብስ ነበር።

«ታዲያ ብርድ ከየት እናምጣ?» አልኩ።

የአክስቴ ልጅ መፍትሔ ነበራት። ጀርመን ውስጥ በቅድስት ባርባራ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4፣ የፎርሲቲያና የቼሪ ቅርንጫፍ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ያኖራሉ። ለገና ያብባል። ውርጭ ገና ካልጣለ ደግሞ ቅርንጫፉን አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል።

«በርባራ ታኅሣሥ 8 የእኛም ናት» አሉ እማማ። «እሷ ካለችበት ይግባ።»

ወገብ የሚደርስ ተክል የሚችል ፍሪጅ ግቢያችን ውስጥ የለም። ያለው በሩ ፊት ለፊት ያለች ግሮሰሪ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ መደርደሪያ አውልቆ ቦታ ለቀቀልን። እንጨቱ ከቢራውና ከአምቦ ውሃው ጎን፣ በመስታወቱ በር ወደ ደንበኛው ፊቱን አዙሮ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ግሮሰሪው ሌላ ግሮሰሪ ሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፎርሲቲያ።»

«ስንት ነው?»

«አይሸጥም። ተኝቷል።»

አንዱ ከሦስተኛ ቢራው በኋላ «ቅመሰው ቅመሰው ብሎኛል» ብሎ አስቸገረ። ሌላው «ዲያስፖራው» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸና። ሰዉ ሲገባ መጀመሪያ «ዲያስፖራው እንዴት አደረ?» ይላል፤ ከዚያ ነው ለባለቤቱ ሰላምታ የሚሰጠው። ገበያው ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመረ መሰለኝ።

ችግሩ መብራት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጋሼ በፒጃማ እየሮጡ ይመጣሉ። «በሩን አትክፈቱ! ጸደይ የገባ ይመስለዋል!» ይላሉ። የተጠማ ሰው ለስላሳ ይለምናል፣ ጋሼ የፍሪጁ በር ላይ ቆመው ይከለክላሉ። ደብተራቸውን ኋላ ገልጬ አይቼዋለሁ። «ከምሽቱ 2፡00 መብራት ጠፋ፤ ጸደይ። 4፡30 መጣ፤ ክረምት።» በአንድ ሌሊት ሁለት ዓመት የኖረ ተክል አለን ማለት ነው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠበቅ ሲል አወጣነውና ተከልነው። ባለቤቱ መደርደሪያውን መለሰ። ቅር ያላቸው ደንበኞች ነበሩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አቆጠቆጠ። የወጣው ግን ቢጫ አልነበረም። ቅጠል ነው። ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ፊቱ ያብለጨለጨ፣ ዳሩ ደቃቅ መጋዝ መጋዝ ያለው። ጋሼ መነጽራቸውን ቀይረው አዩት። «ከአበባው በፊት ቅጠል ያወጣ ፎርሲቲያ! ይሄ ለሳይንስ አዲስ ነው» ብለው መዘገቡ። እኔ ፎቶ አንስቼ ሐምቡርግ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ አንድ የጥያቄ ምልክት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ሳስተዋል። በግ ገብቶ ነው ብዬ ዙሪያውን አየሁ። በግ የለም። እማማ ደጃፍ ላይ ግን ሰፌድ አለ። ሰፌዱ ላይ ቅጠል ተሰጥቷል።

«እማማ! ፎርሲቲያውን ምን አደረጉት?»

«ምን ሲያ? ጌሾ ነው እንጂ።»

«ጌሾ መሆኑን መቼ አወቁ?»

«የመጣ ዕለት። ልጣጩን ሳሸተው።»

«ታዲያ ፍሪጅ ሲገባ ለምን ዝም አሉ?»

ቅጠሉን በእጃቸው እየበተኑ፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ካርታውም፣ ጀርመኑም፣ በርባራም ሲጠራ እኔ ምን ልበል?» አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «ብናገር ደግሞ ትነቅሉታላችሁ።»

ጋሼ ለሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። በሦስተኛው ወጡና ደብተሩ ላይ «ፎርሲቲያ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው «ጌሾ» ብለው ጻፉ። የብርዱን ሰንጠረዥ ግን አልሰረዙም። በዓለም ላይ ስንት ጌሾ ነው ፍሪጅ የገባው? መረጃው ዋጋ አለው ይላሉ። በዚህ አልከራከራቸውም።

የአክስቴ ልጅ ጳጉሜን ላይ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስገባ በሩ ላይ ቆመች።

«አበባው የታለ?»

ጋሼ አጉሊ መነጽር አቀበሏት። ጌሾ አበባ አለው፤ እማማ እውነታቸውን ነው። ከቅጠሉ ብብት ሥር የምትወጣ፣ አረንጓዴ ሆና ቢጫ ልሁን ልቅር የምትል፣ የጤፍ ዘመድ የምታህል ነገር ናት። የአክስቴ ልጅ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል እማማ በጣሳ ጠላ ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። ጠጣች። ደገመች። ከዚያ በኋላ ስለ አበባው ያነሳች የለችም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት የሰፈሩ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ ሊሉ መጡ። የአክስቴ ልጅ የያዙትን አደይ በሙሉ ገዛቻቸው። በክር እየቋጨች ጌሾው ላይ አሰረችው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ቢጫ አደረገችው። አዲስ በተቀባው በር ፊት ፎቶ ተነሳችና ለሥራ ባልደረቦቿ ላከች።

መልሱ ወዲያው መጣ። አንዲት ጀርመን ይህን የመሰለ ፎርሲቲያ አይቼ አላውቅም፣ ቅጠሉም አበባውም እኩል ነው፣ እዚህ የት ይገኛል ብላ ጠይቃለች። የአክስቴ ልጅ ተርጉማ አነበበችልን።

«በኪሎ ነው በዛፍ የምትፈልገው?» አሉ እማማ። «በኪሎ ከሆነ ደረቁ አለኝ በያት።»