ቢሙና ቧንቧው፦ የስድስት ወር የቢአይኤም ልምምዴ

መጀመሪያ ስሙን ላጥራ። ሳይት ላይ «ቢም» ካልኩ ሰው የሚያስበው ኮለን (ምሰሶ) ላይ የሚያርፈውን አግዳሚ የኮንክሪት ቢም ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቢም (BIM) የሚባለውን፣ ሕንፃውን ከነመረጃው በኮምፒውተር ሞዴል የመሥራቱን ነገር «ቢአይኤም» እያልኩ እጽፋለሁ። ቢም ስል ያው የምናውቀው ቢም ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንትራክተር ጋ የቢሮ መሐንዲስ ነኝ። ቢአይኤም መማር የጀመርኩት ባለፈው መስከረም ነው። አሁን ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ወደዚህ የገፋኝ አንድ ቧንቧ ነው።

ቀድሞ በሠራሁበት ሳይት የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ከተሞላ በኋላ የሳኒተሪ ሠራተኞች 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ሊዘረጉ መጡ። እነሱ በያዙት ድሮዊንግ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በስትራክቸር ድሮዊንጉ ግን እዚያው ቦታ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቢም አለ። ሁለቱን ወረቀት ደራርቦ ያየ ሰው አልነበረም። ቢሙ ተበሳ። ከቀዳዳው የወጣውን የኮንክሪት ቁራጭ አንስቼ አየሁት። በመሀሉ የተቆረጠ ፌሮ ነበረበት፤ ጫፉ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ከዚያ ደብዳቤው፣ የማጠናከሪያ ዲዛይኑ፣ ሥራው የቆመባቸው ቀናት፣ «ጥፋቱ የማን ነው» የሚለው ክርክር ተከተለ። እውነቱን ለመናገር ማንም ሥራውን አላበላሸም። ሁሉም የራሱን ወረቀት በትክክል ነው የሠራው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሬቪት የተባለውን የቢአይኤም ሶፍትዌር በመልመድ አለፉ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ትምህርቱ በየቦታው ይገኛል። ለእኔ ዋናው ነገር መስመር መሣሉን ትቼ ግድግዳ መሥራት መልመዴ ነበር። ግድግዳው ውፍረቱን፣ ቁሳቁሱን፣ የሚነሳበትን ፎቅ ያውቃል። አንድ ቦታ ስነካው ፕላኑም፣ ሴክሽኑም፣ ሰንጠረዡም አብረው ይለወጣሉ። ሐሳቡ የዛሬ እንዳይመስላችሁ። ቻርልስ ኢስትማን የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ከወረቀት ድሮዊንግ ይልቅ ሕንፃውን ራሱን በኮምፒውተር መግለጽ እንደሚቻል ጽፈው ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ ግን ግድግዳ ገጠመኝ። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ለናንተ ጊዜ ይቆጥባል ብዬ ነው።

የአርክቴክቱን፣ የስትራክቸሩንና የሳኒተሪውን ሞዴል አንድ ላይ ሳመጣቸው አልገናኝ አሉ። አርክቴክቱ ከስክሪኑ መሀል ጀምሯል። ስትራክቸሩ ኮለኖች ከሚሰለፉባቸው መስመሮች፣ ከኤ እና ከ1 አክሲስ መገናኛ ላይ ተነስቷል። የሳይት ፕላኑ ደግሞ ሰርቬየሩ ከለካበት ኮኦርዲኔት ጋር ነው የመጣው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ የምንለካው በአዲንዳን፣ በዩቲኤም ዞን 37 ነው፤ የካርታ መለኪያ ሥርዓት ናቸው። በዚህ አቆጣጠር የከተማችን ኖርዚንግ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) ወደ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ኢስቲንጉም (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው) ከ470 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዳችሁ ሞዴሉን እዚያ ብታስቀምጡት ሬቪት ይታመማል። ከውስጣዊ መነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲርቅ ትክክለኛነቱን ያጣል። መስመር ይንቀጠቀጣል፣ መገጣጠም ያቆማል።

ሁለት ሳምንት ታገልኩ። መፍትሔው ሞዴሉን ከመነሻው አጠገብ መሥራትና እውነተኛውን ኮኦርዲኔት ለሁሉም በጋራ ማስታወቅ ነው። ሰርቬየሩ አንድ ነጥብ ሰጠን፤ የኤ እና የ1 መገናኛ። አንድ የሰሜን አቅጣጫ፣ አንድ የዜሮ ከፍታ ተስማማን። በአንድ ገጽ ጽፈን ለሦስቱም ቢሮዎች ላክን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሶፍትዌሩ ይህን ሊወስንልን አይችልም። ሦስት ቢሮዎች «ዜሮ ማለት የት ነው?» ብለው ገና ሥራ ሳይጀመር መነጋገር ነበረባቸው። በወረቀቱ ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚፈታው ፎርማኑ ነበር፤ እሱም በክርና በውኃ ልክ፣ ካሳፎርማው (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) እየተመታ።

የቨርዥን ጉዳይም አለ። በአዲሱ ሬቪት የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም። አንዱ ቢሮ ሳይናገር አፕዴት ካደረገ ሌሎቹ ይቀራሉ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኤርባስን የሚያህል ኩባንያ አግኝቶታል። ኤ380 አውሮፕላን ሲሠራ የጀርመኑና የፈረንሳዩ ክፍል የአንድ ዲዛይን ሶፍትዌር የተለያዩ ቨርዥኖችን ነበር የሚጠቀሙት። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሲዘረጋ አልደርስ አለ። ርክክቡም ለብዙ ወራት ዘገየ። እኛ አሁን ቨርዥኑን በዚያው አንድ ገጽ ላይ ጽፈነዋል። የተለየ ሶፍትዌር ከሚጠቀም ቢሮ ጋር ደግሞ በአይኤፍሲ፣ ማለትም የተለያዩ ሶፍትዌሮች በሚያነቡት የጋራ የፋይል ዓይነት፣ እንለዋወጣለን።

አራተኛው ወር የግጭት ፍተሻ ነበር፤ ሞዴሎቹን ደራርቦ የሚነካኩትን በሚያወጣው ናቪስወርክስ በተባለ ሶፍትዌር። መጀመሪያ ሳስጀምረው ከሺህ በላይ ግጭት አወጣልኝ። ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ሳያቸው አብዛኞቹ የአንድ ችግር ልጆች ናቸው። አንድ የተሳሳተ ዳክት (የአየር መተላለፊያ ቱቦ) ብቻውን ሃያ ቦታ ይጋጫል። ስለዚህ ምክሬ ሁሉንም ከሁሉም ጋር አትፈትሹ። መጀመሪያ የፍሳሽ ቧንቧን ከቢም ጋር ብቻ ፈትሹ። የፍሳሽ ቧንቧ ተዳፋት ስለሚፈልግ እንደ ኤሌክትሪክ ኮንዲዩት (የገመድ ቱቦ) ወደ ላይና ወደ ታች አይታጠፍም። በ1 በመቶ ተዳፋት 12 ሜትር ከሄደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በወረቀት ፕላን ላይ ይህ መውረድ አይታይም፤ መስመሩ ያው መስመር ነው። ሞዴሉ ላይ ግን ጫፉ ኮርኒሱን ሰብሮ ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አምስተኛው ወር ላይ ስብሰባ ጀመርን። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳይት ቢሮ፣ አንድ ፕሮጀክተር። የስትራክቸሩ መሐንዲስ፣ የሳኒተሪውና የኤሌክትሪኩ ይመጣሉ። ፎርማናችንም እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። «የኮምፒውተር ነገር ለናንተ ነው» ብለው ሁለት ሳምንት ቀሩ። በሦስተኛው መጡ።

ያን ቀን የያዝነው ከቤዝመንት አንድ ጣሪያ ሥር የሚሄደውን ቧንቧ ነበር። ቢም ይመታል። ወደ ታች ብናወርደው ለመኪና የሚያስፈልገው ከፍታ ይጠፋል። የስትራክቸሩ መሐንዲስ በቢሙ ውስጥ ስሊቭ (ቧንቧው የሚያልፍበት ቱቦ) እንዲቀበር ፈቀደ፤ ከኮለኑ ርቆ፣ ከቢሙ ጥልቀት መሀል አካባቢ፣ ዙሪያውን ተጨማሪ ፌሮ ታስሮበት። ኮንክሪት ሳይሞላ ስለሆነ ማድረግ ይቻላል። የሳኒተሪው መሐንዲስ እዚያው ሞዴሉን አስተካከለ። ፍተሻው ዜሮ ግጭት አለ። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል ፎርማኑ እጃቸውን አነሱ።

«ኢንጂነር፣ እስቲ እዚያ ክርኑ ጋ ጠጋ አድርገው።»

አጎላሁት። ቧንቧው የሚታጠፍበት ክርን ከሪቴይኒንግ ዎሉ (አፈር ከሚይዘው ግድግዳ) 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው።

«እጄ እዚህ አይገባም» አሉ። «ብገጥመውም ነገ ሲደፈን ማን ይከፍተዋል?»

ዝም አልን። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር መነካካቱን ነው የሚያየው። የሰው እጅ መግባቱን አያይም፤ እኛ ካልነገርነው በቀር። እሳቸው ከወጡ በኋላ በቧንቧ መጋጠሚያዎች ዙሪያ የክፍተት ፍተሻ ጨመርኩ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ነጻ ቦታ። ሰባት ተጨማሪ ችግር ወጣ። ሰባቱንም ለጋሼ አሳየኋቸው። ሁለቱን «ይሄ ይሠራል፣ ተወው» አሉኝ። አሁን ሐሙስ ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ነው የሚገኙት።

እዚህ ስድስት ወር ውስጥ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ድሮ ፎርማኑ የሚጠየቁት ነገር ከተበላሸ በኋላ ነበር። አሁን ገና አየር ላይ ያለን ቢም ይዘን እንጠይቃቸዋለን።

ፋይል መለዋወጡ ግን ገና ያታግለናል። ስንጀምር ሁሉ ነገር በቴሌግራም ነበር። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»። የትኛው እንደጸደቀ የሚያውቅ የለም። አይኤስኦ 19650 የሚባለው ደረጃ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ አንድ የጋራ መረጃ ቋት እንዲኖር ይላል። ፋይሉ አራት ደረጃ አለው፦ በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች የተጋራ፣ የጸደቀ፣ መዝገብ የገባ። እኛ ውድ ሲስተም አልገዛንም። በጋራ ድራይቭ ላይ አራት ፎልደር ከፍተን ሳይት ላይ የሚታተመው ከጸደቀው ፎልደር ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በፍላሽ እንወስዳለን፤ ግን ከዚያው ፎልደር። ቴሌግራሙ ለማስታወቂያ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ተጥሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነጋግረን መለስነው።

ያልተፈታው ደግሞ ውሉ ነው። በእኛ ውል የሚታወቀው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ሞዴሉና ወረቀቱ ቢለያዩ የሚያሸንፈው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ሐሙስ የተወሰነው ሁሉ ወደ ሾፕ ድሮዊንግ (ሳይት ላይ ወደሚሠራበት ዝርዝር ወረቀት) ወርዶ መፈረም አለበት፤ ይህም ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች ቢአይኤምን ግዴታ አድርጋለች። ግዴታ ሲሆን ማን ሞዴሉን እንደሚያዘጋጅና ማን እንደሚጠየቅበት ውሉ ውስጥ መጻፍ ይመጣል። እኛ ጋ ለጊዜው በመግባባት ነው የምንሄደው፤ አንድ ሰው ቢቀየር ሊፈርስ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያሳስበኛልም።

ለልኬት ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቢሙና ሶሌታው ሞዴሉ ላይ ካልተያያዙ የተደራረበው ኮንክሪት ሁለቴ ይቆጠራል። የእኔ የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ከእጅ ልኬቱ በልጦ የወጣው በዚህ ነው። ከቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ጋር ሳታመሳክሩ ለክፍያ አታቅርቡ።

ለመጪው ሐሙስ ሦስት ክፍት ግጭቶች አሉን፤ ሁሉም ቤዝመንት ሁለት ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ዳክት ዙሪያ። አንደኛው የኮርኒስ ከፍታን ስለሚነካ የባለቤቱን ውሳኔ ይጠብቃል። ስለዚህ ባለቤቱንም ጋብዘናል። ሶሌታው የሚሞላው በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። የሕንፃ ባለቤት ሞዴል ፊት አስቀምጣችሁ ያወያያችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ከሐሙስ በፊት ጻፉልኝ።