ያንኑ ቢራ ደጋግሞ መጥመቅ

ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ጓደኞቼ ሁሌ አንድ ጥያቄ አላቸው። «አሁንም ያንኑ ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ያንኑ ነው። ፈዘዝ ያለ የገብስ ብቅል፣ አንድ ዓይነት ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ)፣ አንድ ዓይነት እርሾ፣ ውሃ። በቃ። እነሱ ዛሬ ቡና የገባበት፣ ነገ ማንጎ የገባበት፣ ከነገ ወዲያ ቃሪያ የገባበት ይሞክራሉ። ይቅናቸው። የቃሪያውን ቀምሼዋለሁ። ድገሙኝ ግን አላልኩም።

እኔን የያዘኝ ተራ የሚባለው ቢራ ነው። መደበቂያ የለውም። ሆፕስ የበዛበት ወይም የተቆላ ብቅል ያጠቆረው ቢራ ትንሽ ቢበላሽ ማን ያውቅበታል? ቀለል ያለው ግን ጉድህን አይሸፍንም። እርሾው ሙቀት ከበዛበት ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ሥራውን ሳይጨርስ ካቋረጥከው ያልበሰለ ፖም ወይም የቅቤ ጣዕም ትቶ ይሄዳል። ጠርሙሱን ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ብርሃኑ የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ያፈርሰውና የሚከረፋ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ደንብ አለኝ። በአንድ ጥመቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። ለምሳሌ ብቅሉን የምዘፈዝፍበትን ውሃ ሙቀት። 64 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ስታርቹ እርሾ ሊበላው ወደሚችለው ስኳር በደንብ ይሰባበራል። ቢራው ጣፋጭነቱ ይቀንስና ቀጠን ይላል። 68 ላይ ደግሞ እርሾ የማይበላው ስኳር ይበዛል፤ አፍ ላይ ወፈር ይላል፣ ወደ ጣፋጭነትም ያደላል። አራት ዲግሪ ብቻ! ድስቱን አይተህ አትለየውም፤ ስትጠጣው ግን ሌላ ቢራ ነው።

ሆፕሱም እንደዚያው ነው። ፍላቱ ሲጀምር የገባው ምሬቱን ይሰጣል፣ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ማብቂያው ላይ የገባው ምሬቱ ትንሽ ነው፣ ሽታው ግን ቤቱን ያውደዋል። መጠኑን ሳልነካ ሰዓቱን ብቻ እያዟዟርኩ ስንት ጊዜ እንደተጫወትኩ እኔው ነኝ የማውቀው። የቀረው ሥራ እቃ ማጠብ ነው። ስለ ማጠብ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ካላጠብክ አትጥመቅ።

ታሪኩን ሳነብ ደግሞ ልቤ ይረጋል። ያንኑ ቢራ መድገም የድሮ ጠማቂዎችም ሕልም ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1516 በዛሬዋ ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ የወጣው ዝነኛ ሕግ ለቢራ የፈቀደው ገብስ፣ ሆፕስና ውሃ ነው። እርሾ የሚል አልተጻፈበትም። ያኔ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ጥመቃ ያምራል፣ ሌላው ይኮመጥጣል፣ ምክንያቱ አይታወቅም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ቢራን የሚያበላሹት ጥቃቅን ተሕዋስያን መሆናቸውን በ1876 ባሳተመው ጥናት አሳየ። ከዚያ በ1883 ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንድ ነጠላ ሕዋስ የተራባ ንጹሕ የቢራ እርሾ አወጣ። ካርልስበርግም እርሾውን ለሌሎች ጠማቂዎች በነፃ ሰጠ። በነፃ! ይሄን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። የዛሬ ሰው ቢሆን በማግስቱ ፍርድ ቤት ነበር የሚገኘው።

«ተራ» የምንለው ቢራም አመጣጡ ተራ አይደለም። በ1842 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ፒልሰን ከተማ ውስጥ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫሪያዊ ጠማቂ ፈዛዛ ብቅል፣ የአካባቢውን ለስላሳ ውሃና ሳዝ የሚባለውን የሆፕስ ዓይነት ይዞ ወርቃማውን ቢራ ሠራ። ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ የሚቀዳው ፈካ ያለ ላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ ቢራ) አብዛኛው የዚያ ቢራ ዘር ነው። እኔ ላገር አልጠምቅም። እርሾው 10 ዲግሪ አካባቢ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይፈልጋል፣ ፍሪጁ ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። የኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚብላላው ቢራ) እርሾ 18 ዲግሪ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ከእሱ ጋር ተስማምተናል።

አጠጣጤም ተቀይሯል። ድሮ በረዶ የሆነውን ነበር የምፈልገው። አሁን ከፍሪጅ አውጥቼ ትንሽ አቆየዋለሁ፤ በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ጣዕሙን አይሰጥም። ብርጭቆው ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ካለበት አረፋው ወዲያው ይሞታል፣ እሱን አያለሁ። እና ቀስ እላለሁ። የምጠጣው መጠን መቀነሱን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ከሁሉም የምወደው የሦስት ብርጭቆ ፈተናውን ነው። በሁለቱ አንድ ቢራ፣ በሦስተኛው የተቀየረውን ትቀዳለህ። የቱ የት እንዳለ ለቀማሹ አትነግርም። ልዩ የሆነውን እንዲያወጣ ብቻ ትጠይቀዋለህ። በግምት የመታው እንዳይሆን ሰው በዛ ማለት አለበት፤ ዝም ብሎ የሚገምትም ከሦስት አንዴ ይመታል። ስለ ቢራ የምናወራው ወሬ ግማሹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። «አሁንም ያንኑ ነው?» ባዮቹ ጓደኞቼ ለዚህ ሲሆን ማንም አይቀድማቸውም። ባለፈው ሆፕሱን አሥር ደቂቃ አዘግይቼ ነበር፤ ለይቶ ያወጣው የለም። ዘንድሮ ምላሳችን ደክሟል ተባባልን። እንግዲህ ሆፕሱን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ቀጣዩ ተራ የእርሾው ሙቀት ነው፦ ከ18 ወደ 21።