ላላየችው አብራሪ የተሳለችው ስለት

የቁልቢው ገብርኤል ለእናቴ ያደረገላትን ልመስክር። አደራዋም ስለሆነ ነው።

አባቴ ድሬዳዋ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የጅቡቲው ባቡር ቆመ። አባዬም ቤት ማደር ተወ።

ነሐሴ 11 ቀን ጦሩ በታንክ ታጅቦ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። መድፍ በተተኮሰ ቁጥር የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ እኛን አልጋ ስር ከታ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ዳዊት ትደግማለች። ኤፍ 5 አውሮፕላኖቻችን ከሜዳው ይነሱና ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ። ብዙም ሳይቆይ የቦምቡ ድምፅ ይሰማል። ጠላት ያን ያህል ቀርቦ ነበር። ተመልሰው ያርፋሉ፤ እነ አባዬ ነዳጅና ጥይት ይሞሉላቸዋል፤ እንደገና ይነሳሉ። አንዱ ባለፈ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን ወደ ሰማይ ዘርግታ "ገብርኤል፣ በክንፍህ ጋርደው!" ትላለች። የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቅ።

ከተማችን አልተያዘችም። ብትያዝ ኖሮ አየር ማረፊያውም የባቡር መስመሩም አብረው ይሄዱ ነበር፤ ሐረርም ብቻዋን ትቀር ነበር። መስከረም ላይ ጅጅጋ ስትወድቅ ደግሞ ሁላችንም የቀረን ተስፋ እነዚያ ልጆች እንደሆኑ ገባን።

አባዬ ስለ አብራሪዎቹ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ከሁሉም በላይ የለገሰ ተፈራን ስም ያነሳ ነበር። በአየር ላይ ውጊያ የሶማሊያን ሚጎች መትተው የጣሉት፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሰ ተፈራ ማለት ናቸው። በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ። ይህ የተሰማ ዕለት አባዬ እንጀራው ቀርቦለት እጁን ሳይታጠብ ተነሳ። እናቴ ምንም አልጠየቀችውም። ሌሊቱን ግን ስትጸልይ ሰማኋት። "ገብርኤል ሆይ፣ ያን ልጅ ለአገሩ አብቃልኝ፤ ዣንጥላ አገባልሃለሁ።" የክርስትና ስማቸውን አታውቅም። "አንተ ታውቀዋለህ" ትለው ነበር ገብርኤልን።

የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ከተማው በእልልታ ተናወጠ። እናቴም እልል አለች፤ ስለቷ ግን አልደረሰም ነበር። ሐምሌ 19ም ታህሳስ 19ም ደንገጎን ወጥተን ቁልቢ እንሳለማለን። በሄድን ቁጥር ያንኑ ስም ታነሳለች። ጎረቤቶቿ "አንቺ ሴት፣ ለማታውቂው ሰው ይሄን ያህል?" ይሏታል። "ልጆቼን አልጋ ስር ከትቼ እኮ ከላይ የጠበቀልኝ እሱ ነው" ትላቸዋለች። ለእኔ የእምነቷ ጥልቀት የተገለጠልኝ በዚህች መልሷ ነው።

11 ዓመት አለፈ። በ1980 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙ። በቀይ መስቀል አማካይነት ከ3 ሺህ በላይ የኛ ምርኮኞች ተመለሱ። ለገሰ ተፈራም ከእስር ወጥተው ለአገራቸው በቁ። አባዬ ወሬውን ይዞ ሲገባ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን እሳት ላይ ትታ መሬት ላይ ተደፋች። ቡናው ሲያር ማንም አላወጣውም።

ታህሳስ 19 ዣንጥላውን አስገባች። ዘርፉ ወርቃማ፣ ጨርቁ ቀይ ከፋይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ እንዳይጨማደድ ጉልበቷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች። እሳቸውን በአካል አግኝታቸው አታውቅም፤ ላግኛቸው ብላም አታውቅም። ስለቷ ከገብርኤል ጋር ነበር፤ እሱም ሰምቷታል። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ደግሞ አሉ። እሳቸውም የዚያ ጦርነት አብራሪ ናቸው። በ1990 በኤርትራው ጦርነት አስመራ ላይ ተመትተው ተማረኩ፤ እስከ ዛሬ የት እንዳሉ አልታወቀም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ የእሳቸውን ስም ይዛ ቁልቢ ትወጣ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ስሙን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። የተሳልኩትም ዣንጥላ ነው።