የገብርኤል አምላክ ልጄን አረጋጋልኝ

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ተወሰደ፤ እዚህ አገር ለሕፃናት ሁሉ ይደረጋል። ከእናትና ከአባት የሚወረስ ፒኬዩ የሚባል በሽታ ተገኘበት። ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፊኒልአላኒን ጉበቱ መለወጥ አይችልም። በደሙ ከተጠራቀመ አእምሮውን ይጎዳል። ስለዚህ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። በጾምም እፎይ አንልም፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ናቸው። እንጀራው እንኳ በሚዛን ነው። ልዩ ፎርሙላ እየጠጣ አደገልኝ።

ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላ ጭንቅ መጣ። አንድ ቦታ አይቀመጥም። የጀመረውን አይጨርስም። ቅዳሴ ላይ ሲቅበጠበጥ ሰው ዞሮ ያየናል። አንዱ “ቅብጠት ነው፣ ቅጪው” ይለኛል፣ ሌላው “መንፈስ ነው” ይለኛል። እሱ ግን ማታ ማታ “እማ፣ ልቀመጥ እያልኩ እኮ እምቢ ይለኛል” እያለ ያለቅስ ነበር። ይህን ሰምታ የምትተኛ እናት አለች? “ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ለልጄም ድረስለት” ብዬ ጥላ ተሳልኩ።

ከዚያ አንዲት ሐኪም “መጀመሪያ ደሙን እንይ” አለች። ፊኒልአላኒኑ ሊያልፈው ከማይገባው 360 ማይክሮሞል በሊትር በላይ ወጥቶ ነበር። ፊኒልአላኒን ሲበዛ ታይሮሲን የሚባል ሌላ የፕሮቲን ክፍል ወደ አእምሮ እንዳይገባ መንገድ ይዘጋበታል። አእምሮ ለትኩረት የሚጠቀምበት ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚሠራው ደግሞ ከታይሮሲን ነው። ዶፓሚን ሲያንስ ትኩረት ይጠፋል። አያችሁ፣ ልጄ ባለጌ አልነበረም! ምግቡን እንደገና አስተካከሉለት፤ ሳፕሮፕተሪን የሚባል መድኃኒትም አስጀመሩት። ለሁሉም አይሠራም፤ “ከሠራለት እናያለን” ነበር ያሉኝ። እኔ ጸሎቴን ቀጠልኩ።

ሠራለት! በደሙ ያለው ፊኒልአላኒን ወረደ። አንድ ቀን መምህሩ ደወለ። ደንግጬ አነሳሁት። “ዛሬ አንድ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ አነበበልን” አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ እልል አልኩ።

በሽታው አልጠፋም። ጣቱን እየወጋን ደሙን እንልካለን፣ ምግቡም በሚዛን ነው። ግን ልጄ ይማራል፣ ይተኛል፣ ይስቃል። ለታኅሣሥ 19 ጥላዬን አስገባሁ። የገብርኤል አምላክ ክብር ይግባው። ፒኬዩ ያለበት ልጅ የምታሳድጉ እናቶች፣ ልጃችሁ መቅበጥበጥ ሲያበዛ ከመቅጣታችሁ በፊት ደሙን አስለኩለት። በጸሎትም አስቡን፤ ስመ ጥምቀቱ ወልደ ገብርኤል ነው።