ግሪኮች ሳያዩት የወጣ የግሪክ ስም

ነገሩ የጀመረው በሀፍረት ነው። አንድ ምሽት ከእህቴ ልጅ ጋር ደጅ ተቀምጠናል። ጁፒተር ደምቃ ወጥታለች። እኔም አፌን ሞልቼ፣ «የጥንት ግሪኮች አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቿን በዜኡስ፣ ማለትም ሮማውያን ጁፒተር በሚሉት አምላክ፣ ወዳጆች ስም ጠሯቸው፤ ኢዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶ» አልኩት። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የታሉ ጨረቃዎቹ?»

«እነሱማ በዓይን አይታዩም። ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።»

«ግሪኮቹ ቴሌስኮፕ ነበራቸው እንዴ?»

ጭጭ አልኩ።

ያን ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። ጨረቃዎቹን ጋሊሊዮ ያያቸው በ1610 ነው። እሱ የፈለገው የደጋፊዎቹን የሜዲቺ ቤተሰብን ስም ሊሰጣቸው ነበር። ዛሬ የምናውቃቸውን ስሞች ያሳተመው ሲሞን ማሪየስ የተባለ ጀርመናዊ ነው፣ በ1614፤ ሐሳቡንም ያመጣው የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር መሆኑን ራሱ ጽፏል። ታሪኩ የጥንት፣ ስሙ ግን ትናንት የወጣ ነው ማለት ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ስዘባርቅ ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁና ገጹን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት። ስሙ፣ አፈ ታሪኩ፣ ማን መቼ አወጣው። ሁለተኛውን መሙላት ቀላል ነው፣ ደስም ይላል። ሦስተኛው ያደክማል፤ ብዙ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

ለምሳሌ ዩራነስ። ዊሊያም ኸርሸል በ1781 ሲያገኛት በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ስም ሊጠራት ፈልጎ ነበር። ሌሎች አገሮች እሺ አላሉም፤ መቼም የሰው ንጉሥ ስም በሰማይ ላይ ማን ይወዳል? ዮሐን ቦዴ የተባለው ጀርመናዊ የዘር ሐረግ ቆጠረ። የጁፒተር አባት ሳተርን ነው፣ የሳተርን አባት ደግሞ ዩራነስ። በቃ፣ ቀጣዩ ተራ የአያትየው ሆነ። በ1789 ማርቲን ክላፕሮት አዲስ ንጥረ ነገር ሲያገኝ በአዲሷ ፕላኔት ስም ዩራኒየም አለው። የሰማይ አምላክ ስም በስምንት ዓመት ውስጥ ማዕድን ላይ ወረደ።

ኬሚስቶቹን ከሁሉ ወደድኳቸው። ታንታለስ በበደሉ ተቀጥቶ እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠማ ሰው ነው፤ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ውሃው ይሸሻል። በ1802 ኤኬበርግ የተባለ ስዊድናዊ ያገኘው ነገር አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎም አሲዱን አልቀበልም አለው። ስሙን ታንታለም አለው! በ1844 ደግሞ ሃይንሪሽ ሮዘ ከዚያው ማዕድን ውስጥ ሌላ ንጥረ ነገር መኖሩን ሲያረጋግጥ ኒዮቢየም አለው። ኒዮቢ የታንታለስ ልጅ ናት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሁለቱን ንጥረ ነገሮች መርሳት አቅቶኛል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሰንጠረዡን እንደ ውዳሴ ስሸመድድ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ወደ አንድሮሜዳ ልምጣ። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር። በግሪኮቹ ታሪክ ሴፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ካሲዮፔያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው። እናትየው ስለ ቁንጅና ጉራ ነዛች፤ ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን አለች። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከ። ልጅቷ በአለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች፣ ፐርሲየስም ደርሶ አዳናት። ቤተሰቡ በሙሉ ዛሬ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ነው። እኔም «ልዕልቲቱ የኛ ናት» ብዬ ለወዳጆቼ ሁሉ ላወራ ተነሥቼ ነበር። ግሪኮቹ በዚያ ስም የሚጠሩት ግን ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው፣ ከዛሬው ካርታ ጋር አይገጥምም። አለቱንም ኢዮጴ፣ በዛሬዋ እስራኤል ባለችው የጥንት ወደብ፣ የባሕር ዳርቻ ላይ የሚያደርጉ ጥንታዊ ጸሐፊዎች አሉ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ቅሬታዬን ያስረሳኝ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ ነው። በ1732፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ባለው ላፕላንድ ውስጥ ረግረግ ለረግረግ ሲጓዝ አንዲት ትንሽ ቁጥቋጦ አየ። ውሃ በከበባት ጉብታ ላይ ቆማለች። አበባዋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል። ሥሯ ስር እንቁራሪትና የውሃ እንሽላሊት ይርመሰመሳሉ። ሊኒየስ የታሰረችውን ልዕልት አየ። በማስታወሻው ላይም ሣላት፤ በአንድ በኩል አለት ላይ የታሰረች ልጅ ከአውሬዋ ጋር፣ በሌላው በኩል ቁጥቋጦዋ ከእንሽላሊቷ ጋር። ተክሏ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሟ አንድሮሜዳ ናት። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀው ጋላክሲና አንዲት የረግረግ ቁጥቋጦ ሞክሼ ሆኑ። ሥዕሉን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳየው ቆየሁ። ሰውዬው ስም ከማውጣቱ በፊት ተንበርክኮ አይቷል።

ያንኑ የማየት ነገር ሌላም ቦታ አገኘሁት። ሃይድራ የምትባለው የኩሬ ፍጡር ብትቆረጥ ቁራጮቹ እንደገና ሙሉ እንስሳ ይሆናሉ፤ በታሪኩ ያለችው ሃይድራ አንድ ጭንቅላቷ ሲቆረጥ ሁለት ይበቅልላታል። አትሮፖስ የሕይወትን ክር የምትበጥሰው ናት፤ ስሟ ገዳይ መርዝ ላለው ተክል ተሰጠ። ሐኪሞች ዝግ ያለ ልብን ለማፍጠን የሚወጉት አትሮፒንም ስሙን ያገኘው ከዚያው ተክል ነው። በ2005 የተገኘችው ድንክ ፕላኔት ኤሪስ ደግሞ የጠብ አምላክ ስም ናት። የፕሉቶን ፕላኔትነት ያስነጠቀውን ጭቅጭቅ ያፋፋመች እሷ ስለሆነች ስሙ ልክክ ይላል።

ሁሉም ግን ልክክ አይልም። የባሰው ስህተቴም እዚህ ጋ ነው። በሰማዩ የኮከብ ሥዕል ላይ ፐርሲየስ በእጁ የሜዱሳን፣ የዚያችን ጸጉሯ እባብ የሆነ ጭራቅ፣ ጭንቅላት ይዟል። ጭንቅላቷ ላይ አልጎል የሚባል ኮከብ አለ፤ ስሙ ከዐረብኛ ነው፣ የጋኔን ራስ ማለት ነው። ይህ ኮከብ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛል። «ጥንት ሰዎች ሲጠቅስ አይተው ፈርተው ጋኔን አሉት» ብዬ ደብተሬ ላይ በደማቁ ጻፍኩ። ደስ ሲል! ሦስተኛውን ዓምድ ልሞላ ስል ግን ጉድ ፈላ። የጥንቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ በጥሊሞስ ኮከቡን በጎርጎን፣ ማለትም በሜዱሳ፣ ራስ ላይ ያለው ነው ያለው። የዐረብኛ ተርጓሚዎችም ያንኑ መለሱት። ስሙ የመጣው ከቦታው ነው። መጥቀሱን በቅጡ መዝግቦ ምክንያቱን ለማስረዳት የሞከረው ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ወጣት ነው። በ1782 ማየት ሲጀምር 18 ዓመቱ ነበር። ጨለማ ነገር ከፊቱ እያለፈ ይጋርደው ይሆናል አለ፤ ዛሬ ሁለት ኮከቦች እየተጋረዱ እንደሆነ ይታወቃል። ደማቁን ጽሑፌን ሰረዝኩት። ሲያምር ያመንኩት ነገር ይህ ብቻ አይደለም፤ ደብተሩ ውስጥ ስድስት ስርዝ አለ።

ቢያንስ ኮከቡን በዓይኔ ልየው አልኩ። የመጀመሪያው ሌሊት ደመና ሆነ። ሁለተኛው ቀጠሮ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዋለ። የእህቴ ልጅም መጣ። አልጎልን ከጎኑ ካለ ደከም ያለ ኮከብ ጋር አወዳድር አልኩት፤ በወትሮው አልጎል በግልጽ ይበልጠዋል። ልጁ ብዙ አየ።

«ያኛው በልጦታል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ብርሃኑ ወደ ሲሶ ወርዷል። ደብተሩን ተቀብሎኝ ሰዓቱን በራሱ እጅ ጻፈ፣ «ጋኔኑ ተኛ» የሚልም ጨመረበት። ብዙም ሳይቆይ እሱም ተኛ። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጠበቅሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን አልጎል እንደ ድሮው ደምቆ ነበር።