ባለ 35 ዶላሩ ማስነሻ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ስለምበር ዛሬ ማታ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርሁ፤ ከልብሱም ከስጦታውም በፊት ጠረጴዛ ላይ ያወጣሁት ግን ባትሪው የደከመ መኪና የሚያስነሡ ሁለት ትንንሽ ማስነሻዎችን፣ እዚህ ሁላችንም ጃምፕ ስታርተር የምንላቸውን፣ ነው። አንዱ ሦስት ዓመት ያገለገለኝ የራሴ ነው፤ ሌላው ታናሽ ወንድሜ እንዳመጣለት የጠየቀኝ አዲስ ነው። «ርካሹ ይበቃኛል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?» ሲለኝ በስልክ የሰጠሁት መልስ አጭርና ግማሽ ነበርና ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

የእኔን የገዛሁት በ35 ዶላር ነው፤ ያስገዛኝም የአንድ ሌሊት ብርድ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዴንቨርና በአካባቢዋ የነበረ ሰው ያን ቀን አይረሳውም፤ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ ከዜሮ በታች ወደ 15 አሽቆለቆለ፣ በማግስቱም ከዜሮ በታች 31 ደረሰ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሲሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሌሊቷን ተረኛ እተካለሁ፤ እኔ ካልደረስሁ እርሷ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ካደረች በኋላም ቢሆን አረጋውያኑን ጥላ መሄድ አትችልም። በዚያ ማለዳ ቁልፉን ሳዞረው ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር ምንም አላደረገም፤ የዳሽቦርዱ መብራትም ደብዝዞ ጠፋ። የመንገድ ላይ እርዳታ የሚሰጠው ድርጅት ጋ ስደውል ብዙ ሰዓት እንደምጠብቅ ተነገረኝ።

የቀረኝ የጎረቤቴን በር ማንኳኳት ብቻ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስላስነሣሁዎት ይቅር ይበሉኝ» ስላቸው «ተይ ልጄ፣ ይልቅ ኮፋኖውን ክፈቺልኝ» ብለው ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። መኪናቸውን አስጠግተው ኬብሉን ለማያያዝ ሲሞክሩ ጓንቱ አላስጨብጥ ስላላቸው አወለቁት፤ ሩብ ሰዓት ያህልም በባዶ እጃቸው በቀዘቀዘ ብረት ላይ ሠሩ። መኪናው ተነሣ፤ እኔም ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ሥራ ገባሁ። ሲሰናበቱኝ ያየኋቸው፣ አመድ የመሰሉት ጣቶቻቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፉም። ያን ማታ ማስነሻውን ያዘዝሁት ለራሴ ምቾት ብዬ ሳይሆን እኒህን ሰው ዳግመኛ እንዲያ ባለ ብርድ ከቤታቸው ላለማስወጣት ነው።

አባቴ ለብዙ ዓመታት የላዳ ታክሲ ነጂ ነበር። ባትሪዋ ሲደክምበት ሽሮ ሜዳ ከነበረው ቤታችን አጠገብ ባለው ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማትና ጠዋት ፍሬኑን ለቅቆ ካንደረደራት በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቀው ሞተሩ ይነሣለት ነበር፤ ቁልቁለት በሌለበት ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይገፋለታል። የእኔ መኪና አውቶማቲክ ስለሆነች ይህ ጥበብ ለእርሷ አይሠራም፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዘይት ግፊት ስለሌለው የጎማው መዞር ወደ ሞተሩ አይደርስም። አባቴ ከቁልቁለቱ ያገኘውን እኔ ከሌላ ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ዕቃው እጄ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት በጎኑ ላይ በትልቁ የታተመውን «2000 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ነው፤ አምፔር በአንድ ጊዜ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ይህ ቁጥር እውነት ሊሆን እንደማይችል ለመረዳት በጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል፤ 12000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 44.4 ዋት ሰዓት ይላል፤ ዋት ሰዓት ዕቃው የሚይዘው ጠቅላላ ጉልበት ነው። 12000 የሚለው ቁጥር የተሰላው በአንድ የሊቲየም ሴል ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ነው፤ ሦስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 11.1 ቮልት ሲሰጡ ግን የሚኖራቸው አቅም 4 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህ 2000 አምፔር ማውጣት ማለት በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ጉልበት 500 እጥፍ በሆነ ፍጥነት ማፍሰስ ነው፤ ቀጫጭን ሽቦ ያለው የመዳፍ ያህል ሳጥን ይህን አይችልም። በመኪና ባትሪ ላይ ሲ.ሲ.ኤ. ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ለ30 ሴኮንድ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ሊሰጥ የሚችለውን አምፔር የሚያመለክት የታወቀ መለኪያ ነው። በማስነሻዎቹ ላይ የሚታተመው «ከፍተኛ አምፔር» ግን እንዲህ ያለ የጋራ መለኪያ ስለሌለው አንዱን ዕቃ ከሌላው በእርሱ ማወዳደር አይቻልም። እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፎ መሸጥ ገዥን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደንግጬ ልመልሰውም አስቤ ነበር።

ያስቀረኝ ሌላ ስሌት ነው። የእኔ ባለ 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ለመነሣት 200 አምፔር በ10 ቮልት ለሦስት ሴኮንድ ይፈልጋል ብንል ጠቅላላው 6000 ጁል ነው፤ ይህም ከ2 ዋት ሰዓት ያነሰ ነው። የመኪናዬ ባትሪ ሲሞላ 600 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ይህ ትንሽ ዕቃ ትልቁን ባትሪ ሊሞላ አይችልም፣ ሥራውም አይደለም፤ ሥራው ለጥቂት ሴኮንዶች መደገፍ ነው፣ ለዚያም 44 ዋት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ጥያቄው ያን ጉልበት በአንድ ጊዜ መልቀቅ መቻሉ ላይ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፣ ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው ግን በዚህ ዋጋ አይሞክረው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕቃው እንደ ተስፋዬ ሠራ። በጥር ግን ብርዱ በበረታበት አንድ ማለዳ ጥሎኝ ነበር። ሦስት ሌሊት የመኪናዬ ሻንጣ ውስጥ አድሮ ነበርና አራቱም መብራቶቹ እየበሩ ሞተሩን ግን ሩብ ዙር እንኳ ማዞር አቃተው። መብራቶቹ የሚያሳዩት ምን ያህል እንደ ተሞላ እንጂ በብርድ ውስጥ ምን ያህል መግፋት እንደሚችል አይደለም፤ የሊቲየም ሴል ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፣ የሚያወጣውም አምፔር ይቀንሳል። ቤት አስገብቼው አርባ ደቂቃ ያህል ከሞቀ በኋላ በዚያው ቻርጅ፣ ያለ ምንም ጭማሪ፣ በመጀመሪያው ሙከራ አስነሣልኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያድረው ቤት ውስጥ፣ በር አጠገብ ባለው መሳቢያ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግም ሴሎቹን ስለሚጎዳ ከውጭ ሳስገባው እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። በበጋም ቢሆን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አልተወውም፤ ሙቀቱ ያስረጀዋል።

ከአምፔሩ ቁጥር ይልቅ ገዥ ሊያየው የሚገባው ከመኪናው ባትሪ ጋር በሚያያዙት መቆንጠጫዎች ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ነው። ቀዩና ጥቁሩ ተለዋውጠው ቢያያዙ ኤሌክትሪኩን የምትከለክለው እርሷ ናት፤ እርሷ የሌለችበትን ዕቃ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደውም። እርሷም ብትሆን ባትሪው ፈጽሞ ሲሞት ባትሪ መኖሩን መለየት ስለማትችል ዝም ትላለች፤ ያኔ ጥበቃውን የሚያልፍ ቁልፍ ይጫናል፣ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ግን ስህተትን የሚያቆም ነገር የለም። በጨለማ ውስጥ ከመጫኔ በፊት ቀዩ በመደመር ምልክት፣ ጥቁሩ በመቀነስ ምልክት ላይ መሆኑን በስልኬ መብራት ሁለት ጊዜ አያለሁ። ደግሞም ጨርሶ የደከመ ባትሪ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ውስጡ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ ያበጠ ባትሪ ካየሁ በምንም ዓይነት ማስነሻ አልነካውም።

በዚያው የብርድ ወራት የሠራሁትን ስህተት ወንድሜ እንዳይደግመው እፈልጋለሁ። ማስነሻው ስላለኝ ብቻ ያረጀውን ባትሪ ሳልቀይር ለሦስት ሳምንት በየማለዳው በእርሱ እያስነሣሁ ሄድሁ፤ ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር፣ የተደበቀ ግን ነው። በመጨረሻ በ12 ዶላር ቮልት መለኪያ ገዝቼ ብለካው አንድ ሙሉ ቀን ተነድቶ ያደረው ባትሪ ጠዋት 11.9 ቮልት አሳየኝ። ደህና ባትሪ አድሮ 12.6 አካባቢ ያሳያል፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ዲናሞው ደህና ከሆነ ከ13.7 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ይገኛል። የእኔ ዲናሞ ደህና ስለነበር ባትሪውን በ190 ዶላር ቀየርሁ። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ የምገዛው መለኪያውን ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናዬ ማስነሻውን የፈለገችው የውስጥ መብራቱን ሳላጠፋ ባደርሁበት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ የሌሎች ሰዎችን መኪና ግን አምስት ጊዜ አስነሥቼበታለሁ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ከሌሊት ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነበሩ።

የወንድሜ ጉዳይ ከእኔ ይለያል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እርሱም እንደ ብዙዎች የቻይና ሥሪት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ባለፈው ወር ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ተሞልቶ ሳለ መኪናው ሞቶ ቆመበት፤ ለካ የሞተው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያበራው፣ ኮምፒውተሩንም የሚያነቃው ያ ትንሹ ስለሆነ እርሱ ከሌለ ትልቁ ሞልቶም አይጠቅምም። በኤሌክትሪክ መኪና ለማስነሣት መዞር ያለበት የነዳጅ ሞተር ስለሌለ የሚያስፈልገው አምፔር በጣም ጥቂት ነው፤ መኪናው አንድ ጊዜ ከነቃ ትልቁ ባትሪ ራሱ ትንሹን ይሞላዋል። ስለዚህ ለእርሱ ርካሹ ይበቃዋል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ትንሹ ባትሪያቸውም ሊቲየም ስለሆነ ከማያያዙ በፊት የመኪናውን መመሪያ እንዲያነብ ነግሬዋለሁ።

ለጉዞ ሲታሰብ ዋናው ቁጥር ዋት ሰዓቱ ነው። እንዲህ ያሉ የሊቲየም ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀዱም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የወንድሜ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ጽሑፉ በፍተሻ ላይ በግልጽ እንዲታይ መቆንጠጫዎቹን ለይቼ በእጅ ቦርሳዬ የላይኛው ኪስ ውስጥ አስቀመጥሁት።

የእኔን አሮጌ ማስነሻ አመሻሹ ላይ ሙሉ አድርጌ ለጋሼ ወስጄላቸዋለሁ፤ እስክመለስ ድረስ እርሳቸው ጋ ይቆያል። መቆንጠጫው ሰፊ ስለሆነ በጓንት ይያዛል። አጠቃቀሙን በትልቅ ፊደል በአማርኛ ጽፌ ሳጥኑ ላይ ለጠፍሁላቸው፦ «ቀዩ ወደ መደመር፣ ጥቁሩ ወደ መቀነስ። አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። የመኪናውን ቁልፍ ከሦስት ሴኮንድ በላይ አዙረው አይያዙ። ማታ ቤት ያስገቡት። ጓንትዎን አያውልቁ።»